ከጉጠቱ ሥዕል ፊት

እታለም ገሰሰ አረጋውያንን ቤታቸው እየሄደች የምትንከባከብ የፍሌገዲንስት ሠራተኛ ናት። ጠዋት ፍራንክፈርት ውስጥ ከምትኖርበት ሰፈር ከሪደርቫልድ ተነሥታ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እየዞረች ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ መድኃኒት ትሰጣለች፣ ቁርስ ታቀርባለች። በፈረንጆቹ 2010 መኸር ላይ አለቃዋ ቦርንሃይም ሰፈር ውስጥ አንዲት አዲስ ደንበኛ ሰጠቻት። ሴትዮዋ ፍራው ብራንት ይባላሉ፤ ዕድሜያቸው ሰማንያ የገባ፣ ትውልዳቸው አሜሪካ፣ ፔንሲልቫንያ ነው። በወጣትነታቸው ለአሜሪካ ጦር ጸሐፊ ሆነው ፍራንክፈርት መጡና አንድ ጀርመናዊ የባቡር ሠራተኛ አግብተው እዚሁ ቀሩ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጅ የላቸውም።

ገና በመጀመሪያው ሳምንት «ዱ በይኝ» አሏት፤ አንቺ በይኝ ማለታቸው ነው። እታለም እሺ አለች እንጂ አፏ አልታዘዝ አላት፤ እናቷን የሚያህሉ ሴት አንቺ ማለት አልሆነላትም። እሳቸው አንቺ እያሏት እሷ በእርስዎ እንደጸናች ኖሩ።

አንድ ቀን አጥባ ካለበሰቻቸው በኋላ ፍራው ብራንት ኮሪደሩ ላይ ወዳለው ቁም ሣጥን ወሰዷት። ሰፋፊ፣ ጠፍጣፋ መሳቢያዎች አሉት። «እጅሽን በደንብ አድርቂና የላይኛውን ሳቢው» አሏት።

ሥዕሎች ነበሩ፤ በውሃ ቀለም የተሣሉ። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ አንድ ዕቃ ብቻ ነው ያለው። ከኋላው ቤት የለ፣ ጠረጴዛ የለ፣ ሰው የለ፤ ነጭ ወረቀትና ከዕቃው ሥር ስስ ጥላ። የእንጨት ቅቤ መናጫ። የከሰል ካውያ። ድስት ከእሳት በላይ የሚንጠለጠልበት ባለ ጥርስ ብረት። እጀታው ተሰንጥቆ በሽቦ የታሰረ ጭልፋ፤ ሽቦው የዛገበት ቦታ ላይ ቡናማው ወደ ብርቱካንማ ሲያደላ ይታያል። አንድ የሸክላ ማሰሮ ደግሞ ነበር፤ ጆሮው ከሆዱ ጋር የተጣበቀበት ቦታ ላይ ሠሪው በአውራ ጣቱ የተጫነው ጉድጓድ እንዳለ ተሥሏል። እታለም ያንን ወረቀት ሳታውቀው ብዙ ያዘችው።

ፍራው ብራንት ታሪኩን ነገሯት። በሠላሳዎቹ፣ አሜሪካ ውስጥ ሥራ የጠፋ ጊዜ፣ መንግሥት ሥራ የፈቱ ሠዓሊዎችን ቀጥሮ የድሮ የቤት ዕቃዎችን ያስመዘግብ ነበር። ሠዓሊዎቹ ዕቃውን ፊታቸው አስቀምጠው፣ ጭረቱንም ዝገቱንም ሳይዘሉ እንዲሥሉ ታዘዙ። የፍራው ብራንት አባት ከነዚያ ሠዓሊዎች አንዱ ነበሩ። ዋናዎቹ ሥዕሎች ለመንግሥት ገብተዋል፤ መሳቢያው ውስጥ ያሉት የሙከራዎቹና የሆነ ቦታ ላይ ቀለም ፈስሶባቸው የተጣሉት ናቸው። ከየሥዕሉ ሥር በእርሳስ የዕቃው ስም፣ የተገኘበት መንደር፣ ሲታወቅም የሠራው ሰው ስም ተጽፏል። አንድ ረጅም ጉጠት ሥር ያለውን ፍራው ብራንት አነበቡላት፤ «የሠራው፦ የመንደሩ ቀጥቃጭ ዮሐን ሪተር።»

እታለም ሁለት ጊዜ አስነበበቻቸው። የቀጥቃጭ ስም እንዲህ ተከብሮ ተጽፎ አይታ አታውቅም።

አባቷ ገሰሰ ቀጥቃጭ ናቸው። ጎጃም ውስጥ፣ ከአዴት ወረድ ብላ ባለች መንደር፣ የአገሩን ማረሻና ማጭድ የሚመቱት እሳቸው ነበሩ። እናቷ በሕይወት ሳሉ ሸክላ ይሠሩ ነበር። ያለ እነሱ አራሽ አያርስም፣ ድስት አይጣድም፤ ነገር ግን ማረሻ ሊያስመታ የመጣ ሰው እቤታቸው አይገባም፣ ውሃ ቢሰጡት አይጠጣም። ዓይናቸው ይበላል፣ ቡዳ ናቸው ይባላሉ። እታለም ለትምህርት ደብረ ማርቆስ ከገባች ጀምሮ የማን ልጅ እንደሆነች ለሰው ተናግራ አታውቅም። ፍራንክፈርት ስትመጣ ደግሞ አባቷን አስተማሪ አደረገቻቸው። አንዴ ከተናገረችው በኋላ አስተማሪው ሰውዬ እያደር ሥጋ ለበሱ፤ የሚያስተምሩት ሒሳብ ሆነ፣ ተማሪ የማይመቱ ሆኑ። በመጨረሻ ጥያቄ ሲበዛባት ገደለቻቸው። ልጇ ማርቲ አያቷ የሞቱ የሒሳብ አስተማሪ እንደነበሩ ነው የምታውቀው። እውነተኛው ገሰሰ ግን በዓል በመጣ ቁጥር፣ የመኝታ ቤቱ በር ተዘግቶ፣ በስልክ ልጃቸውን ይመርቁ ነበር።

«እናንተስ ቤት ምን ዓይነት ዕቃ ነበር?» ብለው ጠየቋት ፍራው ብራንት።

«እኛ የከተማ ሰዎች ነን» አለች እታለም። «ሁሉንም የምንገዛው ከሱቅ ነበር።»

ፍራው ብራንት ቅር ያላቸው መሰለ። ወረቀቱን መልሰው መሳቢያውን ዘጉት።

በፈረንጆቹ 2012 መጀመሪያ፣ በሐበሻው ገና ላይ አባቷ በስልክ ምርቃቱን አቋርጠው አንድ ነገር ነገሯት። የወንድማቸው የኪዳነወልድ ልጅ አስራት በሱዳን በኩል ከወጣ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ሊቢያ ገባ ያሉ አሉ፣ ባሕር በላው ያሉም አሉ። «እናቱ ከቤት መውጣት ትታለች። እዚያ ማዶ ስሙን ከሰማሽ ንገሪኝ» አሏት። እታለም አስራትን የምታስታውሰው ወናፍ ሥር ተቀምጦ የሚጫወት ሕፃን ሆኖ ነው። እሺ አለቻቸው።

በዚያው ዓመት ጸደይ ላይ ፍራው ብራንት ሥዕሎቹን ወደ ትውልድ አገራቸው ወዳለ ሙዚየም ሊልኳቸው ወሰኑ። ከመላካቸው በፊት ግን የሰፈሩ ጡረተኞች በሚሰበሰቡበት አዳራሽ ሰቅለው ሰው እንዲያይላቸው ፈለጉ። «የአንቺንም ሰዎች ጥሪ» አሏት። እታለም ለወይዘሮ የሺወርቅ ነገረች። ወይዘሮ የሺወርቅ በፍራንክፈርቱ የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ማኅበር ትልቅ ሴት ናቸው፤ እታለም ከባሏ ተለያይታ አራስ ልጅ ይዛ በቀረች ጊዜ ያስጠጓት፣ ማርቲንም ክርስትና ያነሡላት እሳቸው ናቸው። ለአዲስ መጤ ስደተኞችም ቴርሚናቸውን፣ ማለት ቀጠሯቸውን፣ እያስታወሱ፣ ቢሮ ለቢሮ እያዞሩ እንደ እናት ነበሩ።

ቅዳሜ ከሰዓት መጡ። አዳራሹ ውስጥ የሰፈሩ አሮጊቶች፣ ጥቂት የቤተ ክርስቲያን ሴቶች፣ ፍራው ብራንት ባለ ጎማ መደገፊያቸውን፣ ሮላቶራቸውን ይዘው በር ላይ። ወይዘሮ የሺወርቅ አንድ ቀጭን፣ ረጅም ወጣት አስከትለዋል። «ገና ከመጣ ወር አልሞላውም፤ ኒድ ካለው የስደተኞች ሃይም ነው ያለው። ክፍሉ ውስጥ ተዘግቶ ከሚውል ብዬ አመጣሁት» አሉ።

ወጣቱ የሰውን ፊት አላየም። በቀጥታ ወደ ግድግዳው ሄዶ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አየ፤ ጉጠቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ፈገግ አለ። እታለም ኬክ የያዘ ሳህን ተሸክማ በአጠገቡ ስታልፍ ቀና ብሎ አያት፣ እንደገናም አያት።

«እቴ እታለም» አለ።

ሳህኑን እንደያዘች ቆመች።

«የአያ ገሰሰ ልጅ እታለም። ፎቶሽ እነ አያ ገሰሰ ቤት ተሰቅሎ እሱን እያየሁ ነው ያደግሁት። እኔ የኪዳነወልድ ልጅ ነኝ፤ አስራት።» በእጁ ወደ ግድግዳው አመለከተ። «ይኸው ይሄን ጉጠት አይቼ አያ ገሰሰን ሳስባቸው አንቺ መጣሽ።»

እታለም ወዲያው አወቀችው። ግንባሩ የአባቷ ግንባር ነው። በሕይወት አለ፤ ባሕር አልበላውም። ሳህኑን አስቀምጣ ልታቅፈው አለች። በዚያው ቅጽበት ግን ወይዘሮ የሺወርቅ ዞር አሉ።

«ትተዋወቃላችሁ እንዴ? ገሰሰ የቱ ነው፣ አስተማሪው አባትሽ?»

«አይ» አለች እታለም። «ተሳስተሃል ወንድሜ። የእኔ አባት ደብረ ማርቆስ ነው ያስተማሩት፤ ሞተዋልም።»

አስራት አያት። ከዚያ ወይዘሮ የሺወርቅን አየ፣ ሳህኑን አየ፣ ነገሩ ገባው። ከዚያ መንደር የወጣ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለው ነገር ቶሎ ይገባዋል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «ከሌላ ሰው ጋር አምታትቼዎት ነው። መልክ ይመሳሰላል።»

አንቺ ማለቱን ትቶ እርስዎ አላት። ከዚያ በኋላ ወደ ጉጠቱ አልተመለሰም፤ ወንበር ስቦ መስኮት አጠገብ ተቀመጠና እስኪሄዱ ድረስ ውጭ ውጭውን ሲያይ ቆየ። እታለም ኬክ ለሁሉም ስታድል እሱ ጋ ስትደርስ እጇ ሳህኑን ማቅረብ አቃተው። ሌላ ሴት ሰጠችው።

የዚያን ቀን አባቷ ጋ መደወል ነበረባት። «ልጁ አለ፣ ንገሯት ለእናቱ» ብትል ይበቃ ነበር። ስልኩን አነሣች፤ ምን ብላ እንደምትጀምር አጣች። የት አገኘሽው ቢሏት፣ ምን አለሽ ቢሏት፣ ስጪኝ ላናግረው ቢሏት። በማግሥቱም አልደወለችም፣ ከዚያም በኋላ። አንዲት እናት ልጄ ሞቷል ብላ ቤቷን ዘግታ ተቀምጣለች፤ እታለም እውነቱን ታውቃለች፤ እያወቀች ሥራ ሄደች፣ ገበያ ሄደች፣ የማርቲን ፀጉር ሠራች። ራሷን ማየት ስላስጠላት የመታጠቢያ ቤቱን መብራት ሳታበራ ፊቷን መታጠብ ጀመረች።

ፍራው ብራንት አማርኛ አይሰሙም፤ ፊት ግን ያነባሉ። ሸሚዛቸውን እያለበሰቻቸው ሳለ «ያ ልጅ ማን ነው?» አሏት።

«አላውቀውም» አለች።

ፍራው ብራንት አልመረመሯትም። ይልቅ ስለ አባታቸው ያወሩ ጀመር። «አባቴ ከነዚህ ሥዕሎች አንዱንም ሰቅሎ አያውቅም። ያኔ መንግሥት በሰጠው ሥራ ማደር ከልመና ይቆጠር ነበር። አጎቴ ሊጠይቀን ሲመጣ ወረቀቶቹን አልጋ ሥር ይከታቸዋል። እኔም ትምህርት ቤት ሲጠይቁኝ አባቴ የሱቅ ማስታወቂያ ነው የሚሥለው እል ነበር። አንድ ቀን ልጆች ይዤ ስመጣ ደጅ ላይ ቅቤ መናጫውን ሲሥል አገኘነው። ልጆቹ ማን ነው ሲሉኝ ጎረቤት ነው አልኳቸው። ሰምቶኛል። ቀና አላለም።»

እታለም ቁልፎቹን ቆልፋ ስትጨርስ አንዱ ተርፎ ሸሚዙ ተዛንፎ ነበር። ፍራው ብራንት ፈትተው ራሳቸው ቆለፉት።

በዕረፍት ቀኗ በትራም ኒድ ሄደች። ሃይሙ ደጃፍ ላይ ጥቂት ወጣቶች ቆመው ነበር፤ አስራትን ጠሩላት። ነጠላ ጫማ እንዳደረገ ወጣ።

«ደኅና ነዎት?» አላት።

«አስራት፣ አንቺ በለኝ።»

ቀድሟት መንገድ ጀመረ። ወደ ኒዳ ወንዝ ወርደው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እታለም በመንገድ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ነበር፤ ስለ ማኅበሩ ሰዎች፣ ብቻዋን ልጅ ስለማሳደጓ፣ ሰው ቢሸሻት መግቢያ ስለማጣቷ። አንዱንም አልተናገረችውም።

«ያኔውኑ ነው ያወቅሁህ» አለች። «ልክ ስሜን ስትጠራ።»

«አውቃለሁ።» መሬት መሬቱን እያየ ነው። «እኔንማ መንገድ ላይ ስንቱ አላውቅህም ብሎኛል፤ አብሮኝ የበላ ሰው እንኳ። እሱን ለምጄዋለሁ። ያንቺ የከበደኝ በአያ ገሰሰ ነው። ሞተዋል አልሽ። እኔ ከቤት ስወጣ ደጅ ቆመው የሸኙኝ እሳቸው ናቸው።»

እታለም ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች። እሱ አላባበላትም፤ ተነሥቶም አልሄደም። ቆይታ ስልኳን አወጣች።

መንደሩ ውስጥ ያሉትን አባቷን በጎረቤት ስልክ አገኘቻቸውና ምንም ሳትል ለአስራት ሰጠችው። ልጁ «አያ፣ እኔ ነኝ» እንዳለ ከዚያ ወገን የሽማግሌ ድምፅ «ሂዱ ለእናቱ ንገሩ፣ ሩጡ» ሲል እሷም ከጎኑ ሆና ሰማች። አስራት ብዙ አወራ፤ ሳቀም፤ አለቀሰም። በመጨረሻ ስልኩን መለሰላት።

«አባባ» አለች። «ልጁን ካገኘሁት ቆይቻለሁ። አልደወልኩም። ሰው ፊት አላውቀውም አልኩት። አንቱንም ሞተዋል ብያለሁ። አስተማሪ ነበሩ ብያለሁ።»

ሽማግሌው «ደብረ ማርቆስ ስትገቢ ሰው ከጠየቀሽ የገበሬ ልጅ ነኝ በይ ብዬ የላክሁሽ እኔ አይደለሁም እንዴ?» አሏት። «እኔው ነኝ ያስተማርኩሽ፤ አስተማሪ ማለትሽስ ምን ሐሰት አለው። አሁን እሱን ተይና፣ ልጁ በልቷል ወይ?»

ቢቆጧት ይሻላት ነበር። እሷ የሠራችውን እሳቸው ለራሳቸው ወሰዱት፤ ኀፍረቱ ግን ከእሷ ዘንድ አልተነሣም፣ እንዲያውም የአባቷ ደግነት ሲጨመርበት ባሰ። «አልበላም» አለች። አስራትን ሪደርቫልድ ይዛው ሄደች።

ማርቲ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። እታለም እህል ከመቅረቡ በፊት አስቀምጣ ሁሉንም ነገረቻት። ቀጥቃጭ ማለት ምን እንደሆነ ስታስረዳት ልጅቷ በዶች፣ በጀርመንኛው፣ «ሽሚድ ማለትሽ ነው? ታዲያ ምን አለበት፣ ክፍላችን ውስጥ በስማቸው ሽሚት የሚባሉ ሁለት ልጆች አሉ» አለች። ነገሩ እንዲህ ቀለል ብሎ ሲነገር እታለም አንገቷን ደፋች። ከዚያ ግን የማርቲ ፊት ተለወጠ። «አያቴ አለ ማለት ነው። በሩን ዘግተሽ የምታወሪው ከእሱ ጋር ነበር» አለች፤ ይህንንም በዶች። ተነሥታ ክፍሏ ገባች። ለብዙ ሳምንት እናቷ ስልክ ባነሣች ቁጥር ማርቲ መጥታ በሩን ወለል አድርጋ ትከፍተውና ትሄዳለች።

ለወይዘሮ የሺወርቅ የነገረቻቸው ከቅዳሴ በኋላ ነው። «እትዬ የሺ፣ ያ ልጅ አልተሳሳተም። የአጎቴ ልጅ ነው። አባቴም አስተማሪ አይደሉም። ቀጥቃጭ ናቸው፤ በሕይወትም አሉ።»

ወይዘሮ የሺወርቅ እጇን ያዙ። «እኔ እንዲህ ያለውን ነገር አላምንበትም ልጄ። ያ ዘመን አልፏል» አሉ። እውነታቸውን ነበር። ሌላ እሑድ ግን የልጃቸውን አራስ ልጅ ታቅፈው ተቀምጠው ሳለ እታለም እንደ ወትሮዋ ልትቀበላቸው እጇን ስትዘረጋ፣ ነጠላቸውን ሳብ አድርገው የሕፃኑን ፊት ሸፈኑት። «ብርድ አለ» አሉ። አዳራሹ ውስጥ ሙቀት ነበር። እጃቸው ያደረገውን ልባቸው ያላዘዘው ይመስል፣ የወይዘሮ የሺወርቅ ፊት በኀፍረት ቀላ። እታለም «አዎ፣ ብርድ አለ» ብላ እጇን ሰበሰበች። እንዲህ ብላ ስለተባበረቻቸው ቤቷ ስትገባ ተናደደች።

ሥዕሎቹ በዚያ በጋ ተላኩ። ፍራው ብራንት ከመላካቸው በፊት አስራትን ጠርተው አሳዩት። የጋራ ቋንቋ አልነበራቸውም፤ እታለም አስተረጎመችላቸው፤ እሷም ስለ አባቷ ቤት የጠየቋትን ሁሉ በዚያ ቀን መለሰችላቸው። «ከሱቅ ነው ያልሽኝ» ብለው አላነሡባትም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሞቱ። አስራት ወረቀቱ ከተስተካከለለት ወዲህ የብረት በርና አጥር የሚሠራ ወርክሽታት ውስጥ ተቀጥሯል። እታለምን እቴ እያለ ይጠራታል፤ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሆነ ግን ሁለቱም አያስታውሱትም።

በ2015 ክረምት ላይ አባቷ ገሰሰ በእርጅና ሞቱ። እታለም ስትወጣ ስትገባ ልሄድ፣ ልሄድ ስትል ሳትደርስባቸው ቀረች። ለቅሶው ሪደርቫልድ፣ በጠባቡ ሳሎኗ ተቀመጠ። የማኅበሩ ሰዎች የመጡ መጡ፣ የቀሩም ቀሩ፤ ከቀሩት ውስጥ አንዳንዶቹ ለሥራ ነው፣ አንዳንዶቹ ግን ለምን እንደሆነ አወቀችው። ወይዘሮ የሺወርቅ መጀመሪያ ከደረሱት ነበሩ። ማርቲና አስራት ምግብ ሲያድሉ ሳህናቸውን ተቀበሉ።

አጠገባቸው ኤርትራዊቷ ጎረቤት ወይዘሮ ለተኪዳን ተቀምጠዋል፤ አሥመራ በአማርኛ የተማሩ፣ ጆሯቸው የደከመ አሮጊት ናቸው። «አባትሽ ሥራቸው ምን ነበር ልጄ?» አሏት።

«ቀጥቃጭ ነበሩ» አለች እታለም።

«ምን አልሽኝ?»

እታለም ድምጿ ዝቅ ብሎ እንደነበር ያኔ ገባት። ድምጿን ከፍ አደረገች። «ቀጥቃጭ ነበሩ፣ እማማ ለተኪዳን። ማረሻና ማጭድ ይመቱ ነበር።»

«እንዲያ ነው። ነፍሳቸውን ይማር፣ የእጅ ሙያ ነው» አሉ አሮጊቷ።

ወይዘሮ የሺወርቅ መብላታቸውን አላቋረጡም። እታለም ይህን ያወቀችው ሁለተኛውን መልስ ከመመለሷ በፊት ዓይኗ ወደ ሳህናቸው ሄዶ ስለነበር ነው። በአባቷ ለቅሶ ላይ እንኳ መጀመሪያ ያየችው የሰው ሳህን መሆኑ ፊቷን አጋለው። ተነሥታ ወጥ ቤት ገባችና፣ አስራት የሚያጥበውን ሳህን እየተቀበለች ታደርቅ ጀመር።